ማኅተም ያለው ሽፍታ

ሽፍታ ሲባል ማኅተም ትዝ የሚለው ሰው የለም። ትዝ የሚለን ጫካው፣ ፈረሱ፣ የተቃጠለው መንደር፣ በሌሊት ተደብቆ የሚደርሰው ስንቅ ነው። የዌልሱ ኦዋይን ግሊንዱር ግን ዱር ቤቴ ካለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላቅ ማኅተም አስቀርጾ ነበር። በአንደኛው ገጽ ጢሙን ለቆ፣ በትረ መንግሥት ጨብጦ፣ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። በሌላኛው ገጽ ሰይፉን መዝዞ ፈረስ ይጋልባል። ለፈረንሳይ ንጉሥ የላካቸውን ደብዳቤዎች ያተመው በዚህ ማኅተም ሲሆን፣ ሰሙ ላይ ያረፈው ቅርጽ ዛሬም ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ።

የዚህን ሰው ዐመፅ ብዙዎች በውጊያው ይተርኩታል። ውጊያው ደግሞ ለተረት የሚመች ነው፤ ጭጋግ አለው፣ ገደል አለው፣ ክህደት አለው። እኔን የሚስበኝ የወረቀቱ ታሪክ ነው። ኦዋይንን ከእሱ በፊት ከተነሡት የዌልስ ዐመፀኞች የሚለየው አንድ መንግሥት ምን ምን እንደሚያስፈልገው ማወቁ ነበርና። የጣለውም ያው መንግሥት የማቆም ሥራ እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌልስ ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ያለች ተራራማ አገር ናት። የራሷ ቋንቋ፣ የራሷ ሕግና ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚፋጁ የራሷ መሳፍንት ነበሯት። ከእነዚያ መሳፍንት ኃይለኛው ሊዌሊን አፕ ግሪፊዝ በዲሴምበር 1282 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ጭንቅላቱ ለንደን ተወስዶ በአደባባይ ተሰቀለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ሕግ የያዘውን አገር በእንግሊዝ ሥርዓት ከፋፍሎ ሹማምንት ሾመበት፤ በሰሜን ዌልስ ጠረፍም እስከ ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍባቸውን ግዙፍ ግንቦች ገነባ። ኮንዊ፣ ካርናርቮን፣ ሃርሌኽና ቦማሪስ የሚባሉት እነዚያ ናቸው። የኮንዊ ግንብና የከተማው ቅጥር ብቻ 15,000 ፓውንድ ገደማ እንደፈጀ ይገመታል፤ ለዚያ ዘመን ካዝና የሚያራቁት ገንዘብ ነው። በግንቦቹ ሥር ለእንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የተለዩ ከተሞች ተቆረቆሩ። ዌልሳዊው ገበያ ይወጣባቸዋል እንጂ ቤት ሠርቶ እንዲቀመጥባቸው አይፈለግም። ከ1301 ጀምሮ ደግሞ «የዌልስ መስፍን» የሚለው ማዕርግ ለእንግሊዙ ንጉሥ የበኩር ልጅ ይሰጥ ጀመር።

ዌልሳውያን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1294 ማዶግ አፕ ሊዌሊን፣ በ1316 ሊዌሊን ብሬን ተነሥተው ወድቀዋል። ከቀድሞዎቹ መሳፍንት ዘር የተወለደውንና ፈረንሳይ ሆኖ ሲዋጋ የነበረውን ኦዋይን ላውጎኽንም በ1378 የእንግሊዝ ሰላይ በገዛ ሰፈሩ ገደለው። ከዚያ በኋላ ከዌልስ ሦስት የመሳፍንት ቤቶች ውስጥ በሁለቱ የዘር ሐረግ ሊቆጠር የሚችል፣ ዕድሜውም ሀብቱም የደረሰ አንድ ሰው ቀረ። እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደር ነበር።

ኦዋይን በአባቱ ከፖዊስ፣ በእናቱ ከደሄይባርት መሳፍንት ይወለዳል። ሆኖም አኗኗሩ የተከበረ የአገር ባላባት አኗኗር እንጂ የቂመኛ አልነበረም። ያገባት ማርጋሬት የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው የዴቪድ ሃንመር ልጅ ናት። እሱም በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ ሕግ እንደተማረ ይነገራል። በ1384 ከስኮትላንድ ድንበር ጦር ጋር በርዊክ ከተማ ዘብ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ጋር ስኮትላንድ ዘምቷል። በ1386 ሁለት የእንግሊዝ ባላባቶች በጋሻ ዓርማ ተካስሰው በነበረበት ስመ ጥር ሙግት ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ በመዝገቡም ዕድሜው 27 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ተጻፈ። ከዚህ ከተነሣን በሸፈተበት ዓመት አርባውን ተሻግሯል ማለት ነው። መኖሪያው ሲኻርት ይባል ነበር። ባለቅኔው ዮሎ ጎኽ ቤቱን በግጥም አወድሶታል፦ በውኃ የተከበበ፣ ወፍጮ፣ የእርግብ ቤት፣ የዓሣ ኩሬ፣ የወይን ቦታና የአጋዘን መስክ ያለው፣ እንግዳ የማይመለስበት ቤት ነው። ባለቅኔ ጌታውን ሲያወድስ ቢጨምርም ባይጨምርም፣ ይህን ሁሉ ጥሎ ጫካ የሚገባ ሰው የሚያጣውን ያውቃል።

የገፋው ምን ነበር? ዜና መዋዕሎቹ የሚነግሩን የወሰን ጠብ ነው። ጎረቤቱ የሩቲን ጌታ ሬጂናልድ ግሬይ፣ በድንበሩ አገር እንደ ትንሽ ንጉሥ ከሚኖሩት የእንግሊዝ ጌቶች አንዱ፣ ከኦዋይን መሬት ቆርሶ ወሰደ። በ1400 ንጉሡ ለስኮትላንድ ዘመቻ ሲጠራም ግሬይ የጥሪውን ደብዳቤ ለኦዋይን ሳያደርስ ያዘው፤ ሳይዘምት የቀረው ኦዋይንም ከሃዲ ተባለ ይላሉ። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በርስት የተነሣ መሸፈት በየትኛውም ተራራማ አገር የታወቀ ነገር ነው። ግን አንድ የወሰን ጠብ ብቻውን አሥር ዓመት የሚነድ እሳት አያነሣም። ከበስተጀርባው ሌላ ነገር ነበር። በ1399 የላንካስተሩ ሄንሪ የአጎቱን ልጅ ሪቻርድን ከዙፋን አውርዶ ሄንሪ 4ኛ ተብሎ ነግሦ ነበር። ሪቻርድ ከኮንዊ ግንብ ተታልሎ ወጥቶ የተያዘውም እዚያው ዌልስ ውስጥ ነው። ዙፋን በጉልበት እንደሚወሰድ ንጉሡ ራሱ አሳይቶ ነበር። ትምህርቱን ዌልሳውያን ተቀበሉት።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1400 በዲ ወንዝ ዳር፣ ግሊንደቨርዱይ በሚባለው ርስቱ፣ ወንድሙ ቱዱር፣ የበኩር ልጁ ግሪፊዝ፣ የሚስቱ ወንድሞች፣ አንድ የካቴድራል አለቃና ክራኽ ፊናንት የሚባል ትንቢት ተናጋሪ በተገኙበት ኦዋይን የዌልስ መስፍን ተብሎ ተሾመ። ጉባኤው ትንሽ ነው፤ የተባለው ግን ከባድ ነው። የዌልስ መስፍን በዚያን ሰዓት ነበረና፤ የንጉሡ ልጅ ሄንሪ፣ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ። ግሊንደቨርዱይ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ከግሬይ ጋር ብቻ ቢጣሉ ኖሮ ካሳ ይጠይቁ ነበር። ማዕርጉን ሲወስዱ ግን 1282ን እንዳልተፈጸመ ቆጠሩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሩቲንን አቃጠሉ፤ በሳምንቱ ደግሞ ዌልሽፑል አጠገብ ተሸነፉ፤ ኦዋይንም ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ተራራ ሸሸ። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር።

እንዳያበቃ ያደረገው ለንደን ነው። በ1401 እና በ1402 የእንግሊዝ ፓርላማ በዌልሳውያን ላይ ተከታታይ ሕግ አወጣ። ዌልሳዊ በእንግሊዝም ሆነ በዌልስ ባሉ የእንግሊዝ ከተሞች መሬት እንዳይገዛ፣ በከተማ፣ በገበያና በመንገድ መሣሪያ እንዳይታጠቅ፣ ግንብ እንዳይዝ፣ ቁልፍ ሹመት እንዳይሾም ተከለከለ። ዌልሳዊት ያገባ እንግሊዛዊ እንኳ በዌልስ ሹመት እንዳይኖረው ተደረገ። ዐመፁን ለማፈን የወጣው ሕግ ያልሸፈተውንም ሰው እኩል መታው፤ በእንግሊዝ ሥርዓት ውስጥ ኖሮ፣ አገልግሎና ከብሮ የነበረው ዌልሳዊ ባላባት በሩ ሲዘጋበት አየ። በኦክስፎርድ የሚማሩ ዌልሳውያን ተማሪዎችና በእንግሊዝ እርሻዎች የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ትምህርታቸውንና ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው እየሄዱ እንደሆነ ለፓርላማው የተነገረው በዚያው ወቅት ነው። ሽፍታው የሰው እጥረት አልገጠመውም።

የ1401 የስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ የአንግልሲ ደሴት ሰዎችና የኦዋይን ዘመዶች የሆኑት ወንድማማቾች ሪስና ግዊሊም አፕ ቱዱር አርባ ያህል ሰው ይዘው የኮንዊን ግንብ ያዙ። ጠባቂዎቹ ከተማው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። አንድ አናጢ እንደ ወትሮው ለሥራ የመጣ መስሎ ገባ፤ በር ላይ የቀሩት ሁለት ዘበኞች ተገደሉ፤ በሩ ተዘጋ። 15,000 ፓውንድ የፈጀው ድንጋይ በአንድ አናጢ ተከፈተ ማለት ነው። አወጣጣቸው ግን እንደ አገባባቸው አያኮራም። ከወራት ድርድር በኋላ ወንድማማቾቹ ምሕረት ሲያገኙ፣ ለንጉሡ ቁጣ ማብረጃ ዘጠኝ ሰዎች መሰጠት ነበረባቸው። ዘጠኙ የሌሊት ዘብ ጠብቀው ተኝተው ሳለ በገዛ ጓዶቻቸው ታስረው ተላልፈው ተገደሉ። ይህን የጻፈልን አዳም ዘአስክ ነው። እሱም ዌልሳዊ የሕግ ሊቅና ካህን ሲሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል ሲዋልል የኖረ ሰው ነው፤ የዐመፁን ገመናም ድምቀቱንም ያየነው በብዛት በእሱ ዓይን ነው።

በ1402 ዕድሉ ሁሉ ወደ ኦዋይን ያጋደለ መሰለ። በዓመቱ መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ባለቅኔዎቹም ትርጉሙን ለማን እንደሚሰጡት አላጡም። በኤፕሪል ጠላቱ ግሬይ ተማረከ፤ ንጉሡ 10,000 ማርክ ቤዛ ከፍሎ አስፈታው። ጁን 22 ቀን ብሪን ግላስ በሚባል ኮረብታ ላይ የእንግሊዝ ጦር ድል ሆነ። በእንግሊዞቹ ወገን የተሰለፉት ዌልሳውያን ቀስተኞች በውጊያው መካከል ዞረው ጌቶቻቸውን ወጓቸው፤ አዛዡ ኤድመንድ ሞርቲመርም ተማረከ። የዌልስ ሴቶች የወደቁትን ሬሳ ቆራረጡ የሚለው ወሬ ከሩቅ ገዳም የተጻፈ ነው፤ እኔ ብዙ አላምነውም፣ ግን ሼክስፒር ድረስ ዘልቋል። በሴፕቴምበር ንጉሡ ሦስት ጦር አሰልፎ ዌልስ ገባ። ዝናብ፣ በረዶና ንፋስ ተቀበሉት። የንጉሡ ድንኳን ወድቆበት ከነጥሩሩ ባይተኛ ኖሮ ይሞት ነበር ተባለ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ኦዋይን አስማተኛ ነው ብለው ጻፉ። የዌልስን የመስከረም ዝናብ ለሚያውቅ ሰው አስማት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ የሞርቲመር ጉዳይ ቆም ብሎ መታየት ይገባዋል። ንጉሡ ለግሬይ የከፈለውን ቤዛ ለሞርቲመር አልከፍልም አለ። ምክንያቱም የሞርቲመር የወንድም ልጅ በትውልድ ሐረግ ከሄንሪ ይልቅ ለዙፋኑ ይቀርብ ስለነበር ነው፤ ንጉሡ የዚያ ቤት ሰው እስር ላይ ቢቆይለት ደስ ይለዋል። ሞርቲመር ይህን ሲረዳ ወገን ቀየረ። ከተማረከ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው የኦዋይንን ልጅ ካትሪንን አገባ። የሞርቲመር እኅት ባል ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ ኃያል የሆነው የፐርሲ ቤት ወራሽ፣ ሆትስፐር በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሄንሪ ፐርሲ ነው። ኦዋይን በአንድ ምርኮኛ በኩል እንግሊዝ ቤተ መንግሥት ጓዳ ገባ። ሆትስፐር በጁላይ 1403 በንጉሡ ላይ ተነሥቶ ሽሩዝበሪ ላይ ወደቀ። ኦዋይን በዚያን ጊዜ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ካርማርዘንን ሲይዝ ነበር፤ አልደረሰለትም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሡ ልጅ ሄንሪ ሲኻርትን አመድ አድርጎት ነበር። የዮሎ ጎኽ ግጥም ያወደሰው ቤት ከዚያ በኋላ አልተሠራም።

በ1404 ሃርሌኽና አበሪስትዊት በኦዋይን እጅ ገቡ። የሽፍትነቱ ዘመን በዚህ አበቃ። በማኸንሌት ሸንጎ ጠራ፤ ሃርሌኽን መኖሪያው አደረገ፤ ሚስቱ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እዚያ ገቡ። በሜይ 10 ቀን ከዶልጌላይ በላቲን ባወጣው የሹመት ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሊቁን ግሪፊዝ ያንግንና የሚስቱን ወንድም ጆን ሃንመርን መልእክተኞቹ አድርጎ ወደ ፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 6ኛ ላከ። ደብዳቤው ቀኑን የሚቆጥረው «በመስፍንነታችን በአራተኛው ዓመት» ብሎ ነው። ዘመንን በራስ ስም መቁጠር የነገሥታት ነገር ነው፤ አራተኛ ብሎ የሚቆጥረውም ከዚያች የግሊንደቨርዱይ ትንሽ ጉባኤ ጀምሮ ነው። ጁላይ 14 ቀን ፓሪስ ላይ «የላንካስተሩ ሄንሪ» ብለው በጠሩት ሰው ላይ የኅብረት ውል ተፈረመ። ንጉሥ እንኳ አላሉትም። ሻርል ለኦዋይን የወርቅ ቅብ ራስ ቁር፣ ጥሩርና ሰይፍ ላከለት። በዚያ ዓመት የዌልሱ መስፍን ጸሐፊ ነበረው፣ አምባሳደር ነበረው፣ ዋና ከተማ የሚባል ቦታ ነበረው።

በፌብሩዋሪ 1405 ከሞርቲመርና ከሆትስፐር አባት ጋር እንግሊዝንና ዌልስን ለሦስት የሚከፍል ውል አደረገ። የእሱ ድርሻ ከዛሬዋ ዌልስ እጅግ ይሰፋል፤ ከሰቨርን ወንዝ ተነሥቶ በዉስተር ከተማ በኩል አልፎ፣ እስከ ትሬንት ምንጭና እስከ መርሲ ወንዝ ይደርሳል። ወሰኑ ከሚያልፍባቸው ቦታዎች አንዱ በመንገድ ዳር ያሉ የአሽ ዛፎች ናቸው፤ በዌልስ ትንቢት ትንቢተኛው መርሊን የተናገረለት ንስር ዌልሳውያንን ለጦርነት የሚጠራበት ቦታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የሕግ ሰው ሆኖ የወሰን ውል ሲጽፍ ትንቢቱንም አልዘነጋም። ውሉ ወረቀት ላይ ቀረ። እኔ ግን ከምኞት በላይ አድርጌ አየዋለሁ፦ ሦስቱም ሄንሪን መጣል ማለት እንግሊዝን ራሷን እንደገና ማቆም መሆኑን ተስማምተው ነበር።

በዚያው የጸደይ ወቅት ግን ደቡብ ምሥራቅ ላይ ነገሩ ተበላሸ። በማርች ግሮስሞንት ላይ፣ በሜይ አስክ ከተማ አጠገብ ፑል መሊን ላይ ጦሩ ተመታ። በሁለተኛው ውጊያ ወንድሙ ቱዱር ወደቀ፤ ልጁ ግሪፊዝ ተማርኮ ለንደን ግንብ ታሰረ፣ ከዓመታት በኋላም እዚያው ሞተ። አዳም ዘአስክ 300 ምርኮኞች በአስክ ግንብ ፊት አንገታቸው ተቀላ ብሎ ጽፏል። በኦገስት የፈረንሳይ መርከቦች ሚልፎርድ ሄቨን ደረሱ፤ ከ2,500 በላይ ወታደር አራገፉ፤ ብዙዎቹ ፈረሶች ግን የሚጠጣ ውኃ አጥተው ባሕር ላይ አልቀው ነበር። የዌልስና የፈረንሳይ ጦር ተቀላቅሎ እስከ ዉስተር አቅራቢያ ዘለቀ። ዉድበሪ ኮረብታ ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር ለቀናት ተፋጠጠ። ከዚያ ስንቅ አለቀና ተመለሰ። የውጭ ጦር ከዌልስ ተነሥቶ እንግሊዝ መሐል እስከዚያ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ሳይዋጋ መመለሱ ነው ታሪኩን የሚያስቆጨው። ፈረንሳዮቹ በ1406 መጀመሪያ አገራቸው ገቡ።

ኦዋይን ለመንግሥቱ የሚያስፈልገውን የዘረዘረበት ደብዳቤ የተጻፈው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ማርች 31 ቀን 1406 ኦዋይን ከፔናል ሆኖ ለሻርል 6ኛ ጻፈ። በዚያ ዘመን ምዕራባዊት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ፓፓ ነበራት፤ እንግሊዝ የሮማውን፣ ፈረንሳይ የአቪኞኑን ቤነዲክቶስ 13ኛን ትከተል ነበር። ሻርል ዌልስ ወደ አቪኞን እንድትዞር ጠይቆ ነበርና ኦዋይን እሺ አለ። ግን እሺታውን በነጻ አልሰጠም። የቅዱስ ዴቪድ መንበር እንደ ጥንቱ ሊቀ ጳጳሳት ይኑረው፣ የዌልስ አህጉረ ስብከት ብቻ ሳይሆኑ ኤክሰተር፣ ባዝ፣ ሄርፈርድ፣ ዉስተርና ሊችፊልድም በእሱ ሥር ይሁኑ አለ። በዌልስ ቤተ ክርስቲያን የሚሾሙት ዌልስኛ የሚያውቁ ይሁኑ አለ። የዌልስ አጥቢያዎች ገቢ ለእንግሊዝ ገዳማትና ኮሌጆች መሰጠቱ ይቅር አለ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ፣ ይቋቋም አለ። ሄንሪ ደግሞ ይወገዝ።

ዝርዝሩን ሳየው የሚገርመኝ የመጨረሻው አይደለም፤ ጠላትን ማስወገዝ የተለመደ ነው። የሚገርመኝ ዩኒቨርሲቲው ነው። እንግሊዝ በዚያ ዘመን ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ብቻ ነበሯት፤ ስኮትላንድ ምንም አልነበራትም። ኦዋይን አምስት ዓመት የተዋጋ፣ ወንድሙን ያጣ፣ ልጁ የታሰረበት ሰው ነው። ፀሐፊዎቹ ግን ከኦክስፎርድ የወጡ ሰዎች ናቸው። መንግሥት ያለ ጸሐፊ እንደማይቆም፣ ጸሐፊውን ደግሞ ከጠላት ዩኒቨርሲቲ ማምጣት እስከ ስንት ጊዜ እንደሚቻል ያውቃሉ። አጥቢያዎቹ ላይ የተነሣው ጥያቄም የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ከዌልስ የሚሰበሰበው አሥራት ዌልስ ውስጥ ይቅር ማለት ነው። ደብዳቤው የቁጣ ደብዳቤ አይመስልም፤ የበጀት ደብዳቤ ይመስላል። ዌልስ የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅዋን አበሪስትዊት ላይ የከፈተችው በ1872 ነው፤ ቤተ ክርስቲያንዋም ከካንተርበሪ ተለይታ የራሷን ሊቀ ጳጳሳት ያገኘችው በ1920 ነው። ደብዳቤው ራሱ ፓሪስ ቀርቶ በ2000 ዓመት ለትርኢት ወደ ዌልስ ተመልሶ ታየ።

ይህ ሁሉ ታላቅ ሐሳብ የቆመበት መሬት ግን ሁለት ግንብ ነው። እዚህ ላይ የኤድዋርድን ግንቦች አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሃርሌኽ በቋጥኝ ላይ ተሠርቶ ከሥሩ እስከ ባሕሩ 108 ደረጃ ወርዶለታል። በ1294ቱ ዐመፅ ጊዜ ተከቦ ሳለ ስንቁ በዚያ ደረጃ ከአየርላንድ በባሕር መጣለት። ግንቡ የተሠራው ባሕሩ የእኔ ነው ብሎ ለሚተማመን ሰው ነው። ኦዋይን ግንቡን ወረሰ፤ ባሕሩን ግን አልወረሰም። የፈረንሳይ መርከቦች ሲመጡ በባሕሩ በኩል ተስፋ ነበረው፤ ሲሄዱ ግን በዚያም በኩል መንገዱ ተዘጋበት። ተራራ ላይ ያለ ሽፍታ የሚከበብበት ቦታ የለውም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። ቤተሰቡን፣ ማኅተሙንና ሸንጎውን ይዞ ግንብ ውስጥ የገባ መስፍን ግን አድራሻ አለው። የንጉሡ ልጅ ሄንሪ ይህን የተረዳው ይመስለኛል። በሽሩዝበሪ ፊቱ ላይ ቀስት ወግቶት ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጆን ብራድሞር በብልሃት ያወጣለት ያ ወጣት፣ እንደ አባቱ በየመስከረሙ ጦር ይዞ ዝናብ ውስጥ መመላለሱን ተወው። ከበባ ጀመረ፤ የንግድ መንገድ ዘጋ፤ ለሚገቡት ምሕረት አወጀ።

ምሕረቱ ከመድፉ ይልቅ ሠራ። በ1406 የአንግልሲ ደሴት ሰዎች ገቡ፤ በኖቬምበር ከ2,000 በላይ ሰዎች ስማቸው ከነቅጣታቸው በመዝገብ ሰፈረ። ቅጣቱ በገንዘብ ነው፤ ካህኑም ገበሬውም እንደ አቅሙ ከፈለ። የዌልስ ሰው በልቡ ኦዋይንን ጠልቶ አይመስለኝም። ስድስት ዓመት ቤቱ ሲቃጠል፣ ከብቱ ሲነዳ ኖሯል። የነዳውም ንጉሡ ብቻ አልነበረም። ኦዋይን በ1404 ካርዲፍን ሲያቃጥል የፍራንሲስካን መነኮሳት የሚኖሩበትን መንገድ ብቻ ተወ፤ የባንጎርና የቅዱስ አሳፍ ካቴድራሎችም በዐመፁ ጊዜ ወድመዋል። የፔምብሩክ አገር በ1405 200 ፓውንድ ከፍሎ ከእሱ ጋር የክረምት ዕርቅ ገዛ። ዐመፁ የሚኖረው በዚህ ዓይነት ገንዘብ ነበር። ያን ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ሲደክም፣ አውሮፓም አብራ ደከመች፦ የስኮትላንዱ አልጋ ወራሽ ጄምስ በ1406 ባሕር ላይ በእንግሊዞች ተያዘ፤ በፓሪስ ጦርነቱን ይገፋ የነበረው የኦርሌያን መስፍን በ1407 ተገደለ።

አበሪስትዊት በ1407 ተከበበ። መድፎች ከሩቅ መጡ፤ ትልልቆቹ እንደ ሰው ስም ነበራቸው። «መልእክተኛው» የተባለው በከበባው ጊዜ ፈነዳ። የግንቡ አዛዥ ሪስ ዲ ረዳት ካልመጣ እንደሚሰጥ ከንጉሡ ልጅ ጋር በቅዱስ ቁርባን ምሎ ተስማማ። ኦዋይን ደርሶ ግንቡን ብትሰጥ አንገትህን አስቀላለሁ አለው፤ ስምምነቱም ፈረሰ። ግንቡ እንደገና ተከቦ በ1408 ወደቀ። ሃርሌኽ በ1409 መጀመሪያ ተከተለ። ሞርቲመር በከበባው ውስጥ ሞተ። የኦዋይን ሚስት ማርጋሬት፣ ልጁ ካትሪንና የካትሪን ልጆች ተይዘው ለንደን ተወሰዱ፤ ካትሪንና ሴቶች ልጆቿ በ1413 እዚያው ተቀበሩ። ኦዋይን ራሱ አልተያዘም። ተመልሶ ተራራ ገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማኅተም የሌለው ሽፍታ ነበር። በ1410 ወደ እንግሊዝ ድንበር የላከው ጦር ተመታ፤ ሪስ ዲና የኮንዊው ሪስ አፕ ቱዱር ተይዘው ተገደሉ። በ1412 ንጉሡን የሚያገለግለውን ዌልሳዊ ዳፊዝ ጋምን አድፍጦ ያዘና በቤዛ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ በጠላቶቹ ዓይን አልታየም።

ማንም እሱን አሳልፎ አለመስጠቱ ብዙ ያነጋግራል። ሽልማት ነበረ፣ ድህነትም ነበረ። ግን የሰጠ ሰው የለም። እኔ ይህን በፍቅር ብቻ አላስረዳውም። የድንበሩ ባላባቶች በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን አሳልፎ መስጠት ማለት የአጎትን ልጅ፣ የአማችን አባት መስጠት ነው። ልጁ አሊስ በድብቅ የእንግሊዙን ባላባት ሰር ጆን ስኩዳሞርን አግብታ ነበር፤ ስኩዳሞር ደግሞ የንጉሡ ሹም ነው። ኦዋይን የመጨረሻ ዘመኑን በእነሱ ቤት አካባቢ እንዳሳለፈ በሄርፈርድ አገር ይነገራል። ንጉሥ የሆነው ሄንሪ 5ኛ በጁላይ 1415፣ ወደ ፈረንሳይ ሊዘምት ሲል፣ ጊልበርት ታልቦት የተባለውን ሹሙን ከኦዋይን ጋር ስለ ምሕረት እንዲነጋገር አዘዘው። ትእዛዙ በሚቀጥለው ዓመት ለልጁ ማርዲዝ ሲባል ታደሰ። አዳም ዘአስክ ኦዋይን በ1415 እንደሞተ፣ በሌሊት እንደተቀበረ፣ መቃብሩ ሲታወቅ ሬሳው ወጥቶ ሌላ ቦታ እንደተቀበረ ጽፏል። ማርዲዝ ምሕረቱን የተቀበለው በ1421 ነው።

ከኮንዊው አናጢ ታሪክ ጋር ስማቸው የተነሣው የሪስና የግዊሊም ወንድም የሆነው ማርዲዝ አፕ ቱዱር የልጅ ልጅ ልጅ በ1485 ሄንሪ 7ኛ ተብሎ በእንግሊዝ ዙፋን ተቀመጠ። በዌልሳውያን ላይ የወጡት የቅጣት ሕጎች ግን ቱዶሮች በሚባለው በዚህ ቤት ዘመን ሁሉ በመጽሐፍ ቀሩ፤ በይፋ የተሻሩት በ1624 ነው። ቱዶሮች ከመንገሣቸው በፊትም አንድ ጊዜ የነከሱት ሰው አለ። ስኩዳሞርና አሊስ በ1430ዎቹ የኦዋይንን መሬት እናስመልስ ብለው ሞከሩ። መሬቱ በቦፈርት ቤት እጅ ነበር። ኤድመንድ ቦፈርት የ1402ቱን ሕግ ጠቀሰና አንድ እንግሊዛዊ የኦዋይን ግሊንዱርን ልጅ አግብቶ በዌልስ ሹመት ሊይዝ አይችልም ሲል ተከራከረ። ስኩዳሞር በ1433 ከሹመቱ ተነሣ።